ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ፒያሳ፦ የብር መንጠቆ ፍለጋ

የምኖርበት ከተማ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «የብር ምንጭ» ይሆናል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ። ብዙ ሐበሻ ስለሚኖርበት ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ብሌይር የተባለ ሰው በዚህ አካባቢ አንድ ምንጭ አገኘ። ውኃው ውስጥ ብር የሚመስል ነገር ያብለጨልጭ ነበር። ብር ግን አልነበረም፤ ሚካ የሚባል የሚያንጸባርቅ ድንጋይ ስብርባሪ ነው። የምንጩ ቦታ ዛሬ ትንሽ መናፈሻ ሆኗል። እዚያ የኦክ ዛፍ ፍሬ ቅርጽ ያለው መጠለያ ቆሟል። ከሥራ ስመለስ አንዳንድ ጊዜ በዚያ በኩል አልፋለሁ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን አፈርኩ። እኔም በዚህች ከተማ ብር የሚመስል ነገር ሸጬ አውቃለሁና።

አልጋ ሥር የቀረው ሳጥን

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ጉትቻ መሥራት ጀመርኩ። ጉትቻ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ነው፤ ሎቲ የሚሉትም አሉ። ቀን ሆስፒታል እሠራለሁ። ማታ ልጄ ስትተኛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዶቃዎቼን እዘረጋለሁ። ቀዩን ከቢጫው፣ ቢጫውን ከጥቁሩ እያስጠጋሁ አያለሁ። ያኔ ማንም አይጠራኝም፤ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። እጄ ብቻ ይሠራል። ያቺ አንድ ሰዓት ከእንቅልፍ ይልቅ ታሳርፈኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቼ እሸጣለሁ። ትርፉ ለዶቃና ለሽቦ መግዣ ቢበቃ ነው። ቢሆንም አንዲት ሴት የሠራሁትን ጉትቻ አድርጋ ከፊቴ ስታልፍ ሳይ ሳምንቱ ሁሉ ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

እናቴ ግን አልወደደችውም። «ይህ ሁሉ ትምህርት ጉትቻ ለመቀጣጠል ነው?» ትለኝ ነበር።

ንግዱን የተውኩት ግን እናቴ ስለተናገረች አይደለም። አንዲት የማውቃት እናት ለልጇ ልደት አንድ ጥንድ ገዛችኝ። በሳምንቱ ልጅቷን ይዛ መጣች። ሁለቱም የጆሮዋ ጫፎች ቀልተው አብጠዋል፤ አንደኛው ውኃ ቋጥሯል። ሐኪሙ «የኒኬል አለርጂ ነው» ብሏቸዋል። ኒኬል ርካሽ ጌጦች ውስጥ በብዛት የሚገባ ብረት ነው። ብዙ ሰው ምንም አያደርገውም፤ አንዳንዱን ሰው ግን ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ያቆስለዋል።

መንጠቆዎቹን ከኢንተርኔት ነበር የገዛኋቸው። መንጠቆ የምለው በጆሮ ቀዳዳ የሚገባውን ቀጭን ሽቦ ነው። ሻጩ «ብር ነው» ብሎ ጽፏል። እኔም አምኜ «ብር ነው» ብዬ ሸጥኩ። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። እሷም «ምንም አይደለም» አለችኝ። ፊቷ ግን ሌላ ይናገር ነበር።

በዚያው ሳምንት ዶቃውን፣ ሽቦውን፣ ፒንሳውን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስገባሁት። ስድስት ዓመት እዚያው ቆየ።

ሳጥኑን ያወጣችው ልጄ ናት። አሁን 12 ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ጫማዋን ስትፈልግ አገኘችውና «እማዬ፣ እነዚህን የጆሮ ቀለበቶች ማን ሠራቸው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

መልስ አጣሁ። ለጥምቀት አዲስ አበባ ልንሄድ ትኬት ቆርጠን ነበር። ልብሳችንን ስናዘጋጅ ሳጥኑንም ሻንጣ ውስጥ ጨመርኩት። ምን እንደማደርግበት ግን ገና አላወቅሁም ነበር።

ፒያሳ

ጥር 11 ቀን ጃንሜዳ ሄድን። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ታቦታቱን አጅቦ፣ እየዘመረ ነበር። ልጄ ታቦቱን ታያለች፤ እኔ የሴቶቹን ጆሮ አያለሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ ሳልነግር አልቀርም። በዚያ ቀን ያላየሁት ዓይነት ጉትቻ የለም፤ የወርቅ ቀለበት የመሰለው፣ እንደ ደወል የተንጠለጠለው፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ሁሉ ነበር። እጄ በላኝ።

በነጋታው ወደ ፒያሳ ወረድን። ፒያሳ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። መርካቶም እንደዚሁ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ፒያሳ የአዲስ አበባ ወርቅ ቤቶች መንደር ነበር፤ ሙሽራ ሊድር የተነሣ ቤተሰብ ቀለበትና ሐብል የሚገዛው እዚያ ነበር።

እናቴ የሠርጓ ጉትቻ የተሠራበትን ሱቅ በቃሏ ነግራኝ ነበር። «ከሲኒማ ኢትዮጵያ ወረድ ብለሽ፣ በስተግራ፣ ሰማያዊ በር ያለው» ብላኛለች። ሰማያዊውን በር ፈለግን። አላገኘንም። ፒያሳ በጣም ተቀይሯል። እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው መሄጃ አዲስ ነው። ለልጄ ከተማው አምሮ ታያት። እኔ ደግሞ የእናቴን በር አጥቼ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ።

መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት «ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ብር አንጥረኛ ከሆነ የምትፈልጊው፣ ወደ ሰሜን ሆቴል በሚወስደው መንገድ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቤታቸው ጠባብ ናት፣ እንዳታልፊያት» አለች።

እውነትም ጠባብ ናት። ፊት ለፊት አንድ የመስታወት ሣጥን አለ፤ ከኋላው አንድ ወንበር፣ አንድ መስፍ፣ አንድ የከሰል ምድጃ። መስፍ ማለት ብረት የሚቀጠቀጥበት ከባድ ብረት ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ትንሽ መስቀል በሞረድ ያለሰልሱ ነበር።

ልጄ ከእኔ ቀድማ «አባባ፣ የጆሮ ቀለበት ይሠራሉ?» አለቻቸው።

ሥራቸውን አቆሙ። «ቀለበት ለጣት ነው፣ ልጄ። ለጆሮ ሲሆን ጉትቻ ነው» አሏት ፈገግ ብለው። «ግን ገብቶኛል። ከየት ነው የመጣችሁት?»

ልጄ አፈረች። እሳቸው ግን ጨዋታ ቀየሩላት። ከመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ጫፏ እንደ ማንኪያ የሆነች ትንሽ የብር ዘንግ አውጥተው «ይህች ምንድን ናት?» አሏት። አላወቀችም። «የኩክ ማውጫ ናት። ኩክ የጆሮ ቆሻሻ ነው። ድሮ ሰዎች በአንገታቸው ያንጠለጥሏት ነበር» አሏት። ልጄ ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ከልቧ ሳቀች። «ጉትቻም የሴት ብቻ አልነበረም» ብለው ቀጠሉ። «ዝሆን የገደለ አዳኝ ጀግንነቱ እንዲታወቅለት ጆሮው ላይ ያንጠለጥል ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሳጥኔን ከፈትኩ። ያንን ያሳፈረኝን መንጠቆ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህ ብር ነው?»

በሞረድ አንድ ጊዜ ብቻ ፈቅፈቅ አደረጉት። ከነጩ ሥር ቢጫ ታየ። «ላዩ ቅብ ነው፤ ውስጡ ናስ ነው» አሉ። ከዚያ አንድ ጥቁር ድንጋይ አምጥተው እውነተኛውን ብርና የእኔን መንጠቆ ጎን ለጎን አሸት አሸት አደረጉና በሁለቱም መስመር ላይ የአሲድ ጠብታ ጣሉ። የብሩ መስመር ቀረ፤ የእኔው ጠፋ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ያፈርኩበትን ነገር ለማየት ሁለት ደቂቃ በቃኝ። እሳቸውም አልወቀሱኝም። «ሳያዩ ማመን የሁላችንም ነው። አሁን ማየት ትማሪያለሽ» አሉኝ።

ብርም ይደክመዋል

አራት ቀን ከሳቸው ጋር ዋልኩ። ለትምህርቱ ክፈል አላሉኝም፤ የከፈልኩት ለብሩና ለከሰሉ ነው። እዚህ ሱቅ ጌጥ ሲሸጥ ብሩ በግራም ይመዘናል፤ በላዩ ላይ የእጅ ዋጋ ይጨመራል። የእጅ ዋጋ ማለት የሠሪው ድካም ዋጋ ነው። ይህን ቃል በጣም ወደድኩት። እኔ የጉትቻዬን ዋጋ ሳወጣ እጄን ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ቀን ጠገራ ብር አሳዩን። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሳንቲም ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን መገበያያ ነበር። የሚገርመው፣ የተሠራው በብዙ የተለያየ ዓመት ቢሆንም ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ብዙ የድሮ መስቀልና አምባር ከዚህ ሳንቲም ቀልጦ የተሠራ ነው። ልጄ «ለዚህ ነው ገንዘቡም ብር የሚባለው?» አለች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁላት። እስከዚያ ቀን ብር ለእሷ የወረቀት ገንዘብ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ቀን አቀለጥን። 37 ግራም ንጹህ ብር መዘንን፤ 3 ግራም መዳብ ጨመርን። ንጹህ ብር ለብቻው በጣም ለስላሳ ስለሆነ መንጠቆ ቢሆን ይጣመማል፤ መዳቡ ያጠነክረዋል። እስቲ አስሉት፤ ከ40 ግራም 37ቱ ብር ከሆነ በመቶ 92.5 ነው። ጌጥ ጀርባ ላይ «925» የሚል ቁጥር አይታችሁ ከሆነ ትርጉሙ ይኸው ነው። «ቁጥሩን ግን ማንም መምታት ይችላል» አሉ ሽማግሌው። «ድንጋዩ ነው የማይዋሸው።»

ብሩ ሲቀልጥ እንደ ውኃ ተንቀጠቀጠ። ቆሻሻው ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ እሳቸው ገፍፈው አወጡት። በዚያ መሐል ልጄን «እናትሽ ቅቤ ታነጥራለች?» ብለው ጠየቋት።

«አያቴ ናት የምታነጥረው።»

«ቅቤ ሲነጠር ምን ይሆናል?»

«ይቀልጣል። ከዚያ... ቆሻሻው ይለያል።»

«እንግዲህ አያትሽም አንጥረኛ ናታ! አነጠረ ማለት በእሳት አቅልጦ ንጹሁን ለየ ማለት ነው። እሷ ቅቤውን፣ እኔ ብሩን።»

ልጄ ይህን ነገር ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ሦስተኛው ቀን ሽቦ መሳብ ነበር። ብዙ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብረት አለ፤ ቀዳዳዎቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ በተራ ይሄዳሉ። የብሩን ዘንግ ጫፍ አሹለህ በትልቁ ቀዳዳ ታስገባለህ፣ በጉጠት ይዘህ ትጎትታለህ። ከዚያ በሚቀጥለው፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ሽቦው በየጊዜው ይቀጥናል፤ ይረዝማል። እኔም ቸኩዬ ሳላቋርጥ ጎተትኩ። አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ቷ! ብሎ ተበጠሰ።

«ደክሞት ነው» አሉ።

«ብር ይደክመዋል እንዴ?»

«ሲመታና ሲጎተት ይጠነክራል፤ እምቢ ይላል። ያኔ በጉልበት ብትስቢው ይበጠሳል። እሳት አሳይው። ትንሽ ሲቀላ ያርፋል፤ ይለሰልሳል። ከዚያ እንደገና ይታዘዝሻል።»

የተበጠሰውን ምድጃው ላይ አደረጉት። ቀላ። ቀዘቀዘ። እንደገና ጎተትኩት፤ እንደ ቅቤ ሄደልኝ። ስድስት ዓመት አልጋ ሥር የቆየውን ሳጥን አሰብኩ። ምንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻው ቀን ሻይ ስንጠጣ ስለ ልጅነታቸው አወሩን። አባታቸውም አንጥረኛ ነበሩ። በሰፈሩ ልጆች «የቀጥቃጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር። ቀጥቃጭ ማለት ብረት የሚመታ ማለት ነው፤ ያኔ ግን ስድብ ነበር። በአገራችን ብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ብረት ሠሪው ለረጅም ዘመን ይናቅ ነበር። አንዳንዱ አብሯቸው አይበላም፤ አይጋባም። ሆኖም ጌጡን ማንም አልናቀም። «መስቀሉን ስመው ያስሩታል፤ የሠራውን እጅ ግን አይጨብጡም ነበር» አሉ። አሁንስ? አልኳቸው። «አሁን ስድቡ ቀርቷል። ግን ልጆቼ ይህን ሥራ አልያዙም። ሰውም ከውጭ የመጣውን ቅብ ይወዳል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።»

ያኔ የእናቴ ንግግር ትዝ አለኝ። «ይህ ሁሉ ትምህርት ጉትቻ ለመቀጣጠል ነው?» ያለችኝ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ክፋት አልነበረም። ልጇ እንዳትናቅ ፈርታ ነው።

ምን አለሽ ተራና እንጦጦ

የራሴ መሣሪያ ያስፈልገኝ ስለነበር መርካቶ ሄድን። ከመርካቶ ሰፈሮች አንዱ ምን አለሽ ተራ ይባላል። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩ ሰዎች የሚሰበስቡት አሮጌ ብረት እዚህ ይመጣል። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ብረት መጥረቢያ ይሆናል። ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል። ከአሮጌ ብረት የተሠራ ትንሽ መዶሻ ገዛሁ። ለእጄ ልክ ናት።

ከመመለሳችን በፊት ደግሞ ወደ እንጦጦ ወጣን። በሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ቀሚስ በተሰቀለባቸው ሱቆች መሐል አልፈን፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ ሽቅብ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ልጄ ትንፋሽ አጠራት። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1889 የነገሡት እዚሁ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

እኔ የመጣሁት ግን ለዶቃ ነው። በእንጦጦ አካባቢ ያገለገለ የጥይት ቀለህ አቅልጠው ዶቃ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ቀለህ ማለት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው የናስ ቅርፊት ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ታመው ለጠበል መጥተው እዚያው የቀሩም አሉባቸው። ዶቃዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ ትንሽ ይለያል። አንድ እፍኝ ገዛሁ። ልጄ አንዷን በመዳፏ ይዛ «ይህ ጥይት ነበር?» አለች። «ነበር» አልኳት። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

ወጥ ቤታችን

ሲልቨር ስፕሪንግ በተመለስን በሳምንቱ እናቴ ቅቤ ታነጥር ነበር። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ እርዱ ቤቱን ሞልቶታል። ልጄ ገብታ «እማማ፣ አንጥረኛ ነሽ!» አለቻት።

እናቴ ማማሰያዋን ይዛ ዞረች። ስድብ የሰማች መሰላት። ልጄ ደብተሯን አምጥታ በተሰባበረ አማርኛዋ አንድ በአንድ አስረዳቻት፤ ቅቤውን፣ ብሩን፣ ቆሻሻው ወደ ላይ እንደሚመጣ። እናቴ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ገብታ ከመሳቢያዋ የሠርግ ጉትቻዋን ይዛ መጣች። የአንዱ መንጠቆ ከተሰበረ ስንት ዓመቱ! «በይ እስቲ፣ አንጥረኛዋ ልጄ፣ ይህን ጠግኝልኝ» አለችኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ሆነ።

አሁን ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ተመልሻለሁ። ከአንድ ጠገራ ብር ክብደት 50 ጥንድ ያህል ቀጭን መንጠቆ ይወጣል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ሽቦ ለጊዜው ይበቃኛል። በየጥንዱ ላይ ትንሽ ወረቀት አስራለሁ። ልጄ በአማርኛ ትጽፋለች፦ «መንጠቆ፣ ብር 925። ዶቃ፣ ናስ።» አንዳንድ ጊዜ ፊደል ትስታለች፤ ካላሳሳተ አላርማትም። ዋጋው ላይም የእጅ ዋጋ ጨምሬያለሁ።

አንድ ዕዳ ግን ቀርቶኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ ያቺን እናት ቤተ ክርስቲያን ግቢ አገኘኋት። ለልጇ ናስ የሌለበት፣ ብርና የብርጭቆ ዶቃ ብቻ ያለበት አንድ ጥንድ ሠርቼ ይዤ ነበር። ወረቀቱን አነበበች። ቀና ብላ «አሁንስ እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

«መንጠቆውን ራሴ ነኝ የሳብኩት» አልኳት።

አመሰግናለሁ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ ሦስት እሑድ አልፏል። ልጅቷን ከሩቅ አያታለሁ። ጉትቻዎቹ ጆሮዋ ላይ ናቸው። ጆሮዋም ደህና ነው።